ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት

ፒያሳ ላይ ለአሮጌ መኪና ወዳጆች ከተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ።

ቸርችልን ሽቅብ ወጥታችሁ የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ባለው ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ "ምን ነካት ዛሬ?" ያላለ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የዛሬው ጨዋታችን እሱ ነው። አሮጌ ስፖርት መኪና ስትንቀጠቀጥና አልስብ ስትል፣ ምርመራው ከየት ይጀመር?

ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመግዛት ነው። ካንዴላ ይቀየራል። ፊልትሮ ይቀየራል። ጎማ ባላንስ ይደረጋል። ለውጥ ከሌለ "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ" ይባላል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ለኩ። ስትለኩም አዲስ አበባ ላይ እየለካችሁ እንደሆነ አትርሱ።

ጉዳዩ ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ያሳስባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለችው አሮጌ መኪና በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ያለ በቂ ምክንያት የወረደ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው ሆኖ አይመለስም።

ምሳሌያችን ፖርሽ 944 ናት። ስትገቡ በር ላይ አይታችኋታል። ባለቤቱም መካከላችን ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳልጠራ ተስማምተናል። መኪናዋን የገዛው አገሩ ሊመለስ ከነበረ ዲፕሎማት ነው። ይቺ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1991 የተመረተች ናት። ሞተሯ ፊት ነው፣ ካምቢዮዋ ኋላ። ባለቤቱ ሁለት ስሞታ አለው። ወለሉና መቀመጫው ይርገበገባል። ዳገት ላይ ደግሞ "ተኝታለች" ይላል። የሄደበት ጋራዥ ሞተሩ መውረድ አለበት ብሎታል።

ከጉልበቱ እንጀምር።

ያለንበት ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ቢሆን ነው። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ቤንዚን በሚያስገባው አየር ልክ ነው። አየሩ ከሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። የአውሮፓዋ 944 በ2.5 ሊትር ሞተሯ 163 የፈረስ ጉልበት ተጽፎላታል። እዚህ ስትደርስ ምንም ሳይበላሽባት ወደ 125 ትወርዳለች። አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ የጀርመን አውቶባን ላይ ስትከንፍ አይቶ ይገዛታል። ከዚያ እንጦጦ ላይ ይሞክራትና ተታለልኩ ይላል። የተታለለው በከፍታው ነው። እንጦጦ ላይማ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ይብስባታል።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀንስለታል። ቤንዚንና አየሩን የሚቀላቅልለት ካርቡራተር የሆነ ሞተር ግን በሁለት በኩል ይጎዳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ከሆነ በሳሳ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ስትፈቱት ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ። ካንዴላ ብትቀይሩለት ሳምንት ሳይሞላ ይጠቁራል። መስተካከል ያለበት ካርቡራተሩ ነው።

ታዲያ የከፍታውን ድካም ከመኪናዋ ሕመም እንዴት እንለየው? አንዱ መንገድ ደስ የሚል ነው። አዳማ ውረዱ። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ይዛችሁ ስትወርዱ ከፍታው ወደ 1,700 ሜትር ይጠጋል። አዳማ አካባቢ መኪናዋ ነቃ ካለች፣ ስትመለሱ ደግሞ ከደከመች፣ ከድካሙ ከፊሉ የአየሩ ነው። አዳማም ላይ ያው ከሆነች ኮፈኑን የምትከፍቱበት ምክንያት አግኝታችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ለመሞከር ብላችሁ ከፍጥነት ወሰን አትለፉ። መንገዱ ላይ ራዳር አለ፣ ከባድ መኪናም አለ።

ሁለተኛው መንገድ ጌጅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ምክንያት በከንቱ የተፈቱ ሞተሮች አሉና።

የቫኪዩም ጌጅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን የመሳብ ኃይል የሚለካ ነው። ከአየር ማስገቢያው ቱቦ ጋር ይያያዛል፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ እየሠራ፣ ይነበባል። የውጭ አገር መመሪያ መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር በሜርኩሪ መለኪያ ከ18 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላ ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር ንባቡ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። እዚህ ሲደርስ 8 ኢንች ያህል ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ከ10 እስከ 13 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ግን 12 ሲያይ "ቫልቩ አልያዘም" ብሎ ይደመድማል።

ከቁጥሩ ይልቅ መርፌውን እዩት። ጸጥ ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው። በየተወሰነ ጊዜ ዝቅ እያለ የሚመለስ ከሆነ አንዱ ሲሊንደር ላይ ችግር አለ። የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙት መርፌው ቀስ እያለ ከወረደ ደግሞ ጭሱ መውጫ አጥቷል። ማርሚታው ወይም ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ተደፍኗል። ለዚህ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም።

የኮምፕሬሽን መለኪያም እንደዚያው ነው። መጽሐፉ 12 ባር ካለ እዚህ 9 ገደማ ብታገኙ አትደንግጡ። ፒስተኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። የሚታየው የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካልራቀ ሞተሩን አታውርዱ። ስትለኩ ሞተሩ የሞቀ ይሁን፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይፈቱ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ነዳጅ መርገጫውንም አንድ ሰው እስከ ወለሉ ይያዘው። ይሄ ካልተደረገ ሞተሩ አየር አያገኝም፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ቤንዚኑንና ኮይሉን ማቋረጥም አትርሱ። ኮምፕረሰር ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር አስገብቶ ምን ያህሉ እንደሚያመልጥ የሚያሳይ መለኪያ አለ። እሱ የሚያሳየው መቶኛ ነው፤ ከፍታው አያሳስተውም። እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

የባለቤታችን መኪና አራቱም ሲሊንደር ከ9 ባር በላይ ሰጥቷል። በጣም ይቀራረባሉ። "ሞተሩ አልቋል" የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ንዝረቱ እንሂድ።

ንዝረት ሲባል ሁሉም ሰው ወደ ጎሚስታ ይሮጣል። ጎማ ከሆነ ጥሩ፣ ርካሽ ነው። ግን መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ንዝረቱ የሚከተለው ምንን ነው? የመኪናዋን ፍጥነት ነው ወይስ የሞተሩን ዙር?

መልሱ በነጻ ይገኛል። እሑድ ማለዳ፣ ቀለበት መንገድ ጭር ሲል ውጡ። መኪናዋ በምትንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ እግራችሁን ከነዳጁ አንሱና ማርሹን ዜሮ አድርጉት። ቁልፉን ግን አታጥፉ። መሪው ሊቆለፍ ይችላል፣ ፍሬኑም ይከብዳል። ዜሮ ላይ ሆናችሁም ንዝረቱ ከቀጠለ ነገሩ ከጎማ፣ ከቸርኬ፣ ከኩሽኔታ ወይም ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ነው። ወዲያው ከጠፋ ዓይናችሁን ወደ ሞተሩና ሞተሩን ወደያዘው ነገር መልሱ። ደግሞ በዚያው ፍጥነት በሦስተኛ ከዚያም በአራተኛ ማርሽ ንዱ። ማርሹ ሲቀየር ንዝረቱ ከተቀየረ ሞተሩን ነው የሚከተለው።

ጥቂት ስሌት ትፈቅዱልኛላችሁ? የእነዚህ መኪኖች ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በሴኮንድ 14 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ ንዝረት የሚለካ መተግበሪያ ጫኑ። ተሳፋሪ ይያዘው፤ ሹፌሩ አይደለም። በ100 ላይ 14 ሄርዝ አካባቢ ካሳየ ጎማ ነው፣ ክርክር የለም። ሞተሩ ግን በ3,000 ዙር ላይ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። የአራት ሲሊንደር ሞተር ዋነኛ ንዝረት ደግሞ የዚያ እጥፍ ነው፣ 100። እሱን መዳፋችሁ እንደ ንዝረት ሳይሆን እንደ ድንዛዜ ይሰማዋል። ብዙ ስልኮች ያን ያህል ፈጣኑን በትክክል አይይዙትም። ለጎማው ግን ይበቃሉ።

ጎማ ከሆነ በአጭሩ። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊቱን፣ መቀመጫው ከሆነ የኋላውን እዩ። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ነው። የኮሪደር ሥራው ዋና ዋናውን አስፋልት አሳምሮታል፤ ውስጥ ለውስጥ ያለው ኮብልስቶንና ጉድጓድ ግን ቸርኬ ማጣመሙን አልተወም። የጎማውን ዕድሜም አንብቡ። ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር 2315 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ስፖርት መኪና ብዙ ስለማትነዳ ጥርሱ ያልተበላ ግን የሸመገለ ጎማ ይኖራታል። ለወራት ከቆመች ደግሞ ጎማው መሬት በነካበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል።

944 ላይ ንዝረቱ የሞተሩን ዙር ነበር የሚከተለው። ቆማ እንኳን ዙሩ ሲጨምር ወለሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ጎማ ባላንስ የተከፈለበት ገንዘብ ባክኗል። ይቅርታ ወንድሜ፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ይቺ መኪና እዚህ ላይ ጠባይ አላት። 2.5 ሊትር ለአራት ሲሊንደር ትልቅ ነው። ትልቅ አራት ሲሊንደር በተፈጥሮው ይነዝራል። ፖርሽ ይህንን ለማለዘብ ሁለት ባላንስ ሻፍት አስገባ። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከዋናው ዘንግ በእጥፍ ፍጥነት ይዞራሉ። የፈጠራው መብት የሚትሱቢሺ ስለነበር ፖርሽ ፈቃድ ወስዶ ነው የተጠቀመበት። ሻፍቶቹን የሚያዞራቸው የራሳቸው ቺንጋ አላቸው። ያ ቺንጋ ሲቀየር በአንድ ጥርስ ብቻ ከተሳሳተ፣ ንዝረትን እንዲያጠፉ የተሠሩት ሻፍቶች ራሳቸው ይነዝራሉ። ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ መብራት አይበራም። ሰው ብቻ ይደነዝዛል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ነው። የ944 የሞተር ጎማዎች ውስጣቸው ፈሳሽ አለባቸው። ሙቀትና ዕድሜ ሲገድላቸው ፈሳሹ ይወጣል፣ ጎማው ይተኛል፣ ሞተሩም ብረት ላይ ያርፋል። ለማየት ቀላል ነው። ኮፈኑን ክፈቱ፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሰጠት ለቀቅ ያድርግ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚዘል ተመልከቱ። ከታች በባትሪ መብራት ጥቁር ፍሳሽ ፈልጉ። ክሪክ ላይ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን በፍጹም እንዳትገቡ። ይሄን የምለው ሲደረግ ስለማይ ነው።

ሦስተኛው ፍሪሲዮን ነው፤ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለያየው ማለት ነው። የመጀመሪያው ፍሪሲዮን መሃሉ ላይ ጎማ አለው። ጎማው ሲያረጅ ይቆራረጣል። ያኔ ንዝረትም ድካምም አንድ ላይ ይመጣሉ። ሙከራው ይኸው። በአራተኛ ማርሽ፣ ዝቅ ባለ ፍጥነት፣ ሜዳ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጡ። ዙሩ ዘሎ ወጥቶ ፍጥነቱ ከቀረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ይሄን ሳታረጋግጡ ግን ፍሪሲዮን እንዲቀየር እንዳትፈቅዱ። እዚህች መኪና ላይ ፍሪሲዮን ለመቀየር ማርሚታው ይወርዳል፣ የኋላው ካምቢዮ ይወርዳል፣ ዘንጉ ያለበት ረጅም ቱቦ ወደ ኋላ ይጎተታል። ሥራው ብዙ ነው፤ ተሳስታችሁ ከሆነ ደግሞ ያው ንዝረት ተመልሶ ይጠብቃችኋል።

ንዝረትና ድካም አብረው ሲመጡ በሌሎች መኪኖች ላይ ቀድሞ የሚጠረጠረው የማይተኩስ ሲሊንደር ነው። አራት ሰው የተሸከመውን ቃሬዛ አስቡ። አንዱ ቢለቅ ሦስቱ ይሸከሙታል፣ ግን ቃሬዛው ይናጣል፣ መንገዱም ይረዝማል። ሚኒሞ ላይ ይህ ንዝረት በሴኮንድ 7 ጊዜ ገደማ ነው፤ በዓይን ይታያል። የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ንቀሉ። ሲነቀል ሞተሩ የባሰ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራል። ሲነቀል ለውጥ ያላመጣው ነው የሞተው። የካንዴላ ገመድ እየነቀሉ መሞከር የቆየ ልማድ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ይመታል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ካታሊቲኩን ይገድለዋል። ማታ በጨለማ ኮፈን ከፍታችሁ ብታዩ ደግሞ ያረጀ ገመድ ብልጭታ ሲያፈስ ታገኙታላችሁ። እነዚህን ሁሉ በር ክፍት በሆነበት ቦታ አድርጉ፤ ጭሱ ይገድላል።

ዳገት ላይ ስለ መተኛቷ ደግሞ ከከፍታው ሌላ አንድ ነገር ተገኘ። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻ ረገጠ፣ ሌላው የአየር በሩን አየ። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ገመዱ ላልቷል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ወፍራም ምንጣፍ ተደርቧል። ምንጣፉ ወጣ፣ ገመዱ ተስተካከለ። ወደ ቸርችል ስንመለስ ባለቤቱ ፈገግ አለ። 163 አልሆነችም፣ ልትሆንም አትችልም። ግን ያላትን ሰጠች።

እግረ መንገዴን፦ ከነዳችሁ በኋላ አራቱንም ጎማ መሃል ላይ እጃችሁን አስጠጉ። ሳትነኩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሏል። ለረጅም ጊዜ የቆመች መኪና ላይ የተለመደ ነው፤ መኪናዋ የሰነፈች ስለምትመስል ሰው ሞተሯን ይጠረጥራል።

ጥያቄዎች እንቀበል።

(ከአዳራሹ አንድ አዛውንት "ያቺ የሞተር ጎማ ሱማሌ ተራ ከሌለች ከወፍራም ጎማ ቆርጦ ማሠራት አይቻልም ወይ?" ብለው ጠየቁ።)

ጋሼ፣ ጥያቄዎት ተገቢ ነው። ለቶዮታ ከሆነ ሱማሌ ተራ የማይገኝ የለም። ለዚህች ግን ምናልባት ማዘዝ ግድ ነው። የተቆረጠ ጎማ ሞተሩን ይይዘዋል፣ ንዝረቱን ግን አይውጠውም። ያ ፈሳሽ የሚሠራው ሥራ አለ። ድፍን ጎማ ካደረጉ ያው ንዝረት ቀጥታ ወደ ሻንሲው ይገባል፤ እርስዎም ተመልሰው ባላንስ ሻፍቱን ሊጠረጥሩ ነው። ለጊዜው መኪናዋን ከጋራዥ ለማንቀሳቀስ ከሆነ ይሁን። ለዘለቄታው አልመክርም።

(አንዲት ወጣት "ክረምት ላይ ከገጠር መንገድ ስመለስ ብቻ ለምን ይንቀጠቀጣል?" አለች።)

ጭቃ ነው እህቴ። ቸርኬው ውስጥ በአንድ በኩል ይጣበቃል፣ ይደርቃል፣ ጎማው ሚዛኑን ይስታል። ከውስጥ በኩል በውኃ ታጠቢው። ከዚያ በኋላም ካለ ወደ ጎሚስታ።

(የመኪናዋ ባለቤት "ታዲያ የኔዋስ ንዝረት ምን ሆኖ ተገኘ?" ብሎ ሲጠይቅ ሳቅ ሆነ።)

ሰዎች እንዲሰሙ ነው የምትጠይቀኝ፤ አንተማ ታውቀዋለህ። አንዱ የሞተር ጎማ ተኝቷል፣ ሥሩ ጥቁር ፍሳሽ አለ። እሱ ታዟል። ከዚያ የቺንጋውን ሽፋን ከፍተን ምልክቶቹን ስናይ አንዱ ባላንስ ሻፍት በአንድ ጥርስ ተዛንፏል። ፍሪሲዮኑን ሞከርነው፣ አልተንሸራተተም፤ መሃሉ ያለው ጎማ ምን ላይ እንደሆነ ግን ሳይወርድ አይታይም፣ ስለዚህ እንዲህ ነው ብዬ አልምልልህም።

ሽፋኑ ከተከፈተ አይቀር ግን ሁለቱንም ቺንጋ፣ የባላንስ ሻፍቶቹንም ቫልቮቹን የሚያሠራውን ዋናውንም፣ ቀይር። ያለፈው ባለቤት መቼ እንደቀየረው የሚያሳይ ወረቀት የለህም፤ ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ተነሳ። በዚህ ሞተር ላይ ዋናው ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል፤ ያኔ ሞተር ማውረዱ የግድ ይሆናል። የውኃ ፖምፓውንም አብረህ እይ፣ እዚያው ነው ያለው። የቺንጋውን ውጥረት ደግሞ በመሣሪያ አስለካ። በጣት ጠምዝዞ "ይበቃል" የሚል ሰው ካጋጠመህ መኪናዋን ይዘህ ውጣ።